ያልተነከረ ጥቁር

ልጄ ልትዳር ሳምንት ሲቀረን እንቅልፍ የነሳኝ አዳራሹ ወይም ምግቡ አልነበረም፤ አንድ ሻል ነው። የሙሽራው እናት ቴሜስካል ሰፈር ራት ጋበዘችንና ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችን። ጥቁርና ነጭ፣ ጥቃቅን ቼክ። በቤተሰባቸው ወግ አማት በሠርጉ ቀን ለሙሽሪት ታለብሳለች አለች። ልጄ ደስ አላት። እኔ ዓይኔ ጥቁሩ ላይ ቀረ።

እናቴ ነበረች የታየችኝ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ጥቁሯን አውልቃ አታውቅም። ሠርጉ ላይ ከነሐዘኗ ተቀምጣ እንድትመርቅ ያሳመንኳት በስንት ልመና ነው። ሙሽራ ላይ ጥቁር ካየች ግን ሟርት ነው ብላ ትነሳለች፤ ልጄ ደግሞ ያለ አያቷ ምርቃት ሠርግ የሚባል ነገር የለም ብላለች።

"ማሚ፣ ስትሬስ አታድርጊ፤ ሻል እኮ ነው" አለችኝ ልጄ ስንመለስ መኪና ውስጥ። ለሷ ቀላል ነው።

ሻሉን እንድትተወው ልለምናት ለሙሽራው እናት ደወልኩ፤ አፌ አልታዘዝ አለኝና ስለ ጨርቁ ጠየቅኳት። ሁሉም ታርታን፣ ማለትም የስኮትላንድ ባለ ቼክ ጨርቅ፣ የጎሳ መለያ አይደለም አለችኝ፤ ይሄ የአካባቢ ነው፣ የስኮትላንድና የእንግሊዝ ድንበር እረኞች ይደርቡት የነበረ። ነጩ ከነጭ በግ፣ ጥቁሩ ከጥቁር በግ ተፈትሎ ቀለም ሳይነካው ይሸመናል። ክሮቹ በሚተላለፉበት ቦታ ግራጫ ይመስላል እንጂ አንድም ግራጫ ክር የለበትም። ይህን ሁሉ ለእናቴ ማን ያስረዳታል አልኩ በሆዴ።

ቅዳሜ የሙሽራው እናት ሳን ሆዜ ቤታችን መጥታ ሻሉን እናቴ ጭን ላይ ዘረጋችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እናቴ የመንዝ ልጅ ናት፤ ጨርቁን በጣቶቿ አሸችው፣ አገላበጠችው።

"ተነክሮ ነው?" አለችኝ።

"አይደለም እማዬ። በጉ ራሱ ጥቁር ነው።"

"ታዲያ ይሄ እኮ የኛ ባና ነው። እኛም አገር ከበጉ ጠጉር ሸምነን ነው የምንለብሰው፤ ሙሽራም ይለብሰዋል። የበግ ጥቁር ምን ያደርጋል? ከነቀለሙ የተፈጠረ ነው።"

ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ እናቴ ሻሉ ላይ ያረፈውን የራሷን እጅጌ አየች። ነጭ ቀሚስ ነበር፤ አባቴ የሞተ ሰሞን ነው በድስት ጥቁር ቀለም የነከርነው።

"የተነከረውስ የኔ ነው" አለች። "ይሄን ለብሼ ልጅቷን አልመርቅም።"

ምርቃቱ ቀረ፤ የፈራሁት ደረሰ አልኩ።

"ነጭ ቀሚስ ፈልጊልኝ" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አባትሽ አይቀየመኝም?" አለችኝ።