የተዘጋችው ጉድጓድ

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። መሐል ሜዳ ከተማ እህቴ ቤት ለበዓል ሄጄ የስድስት ዓመት ልጇን ገበጣ ላስተምራት ተነሣሁ። በገበጣ የሚረታኝ የለም እያልኩ የምኩራራ ሰው ነበርኩ። ገበጣውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በአሥራ ሁለቱም ጉድጓዶች አራት አራት ባቄላ አደረግሁ።

«በአንቺ በኩል ካሉት ከአንዱ ሁሉንም ታነሺና በቀጣዮቹ ላይ አንድ አንድ እየጣልሽ ትዞሪያለሽ» አልኳት። «የመጨረሻዋ ባቄላ ባዶ ጉድጓድሽ ውስጥ ከወደቀች፣ ከፊት ለፊቱ ያለው የእኔ ባቄላ ያንቺ ነው።»

ወዲያው ገባት። ግን ከስድስቱ ጉድጓዶቿ አንዱን ጨርሶ አትነካውም።

«ከዚህኛው ለምን አታነሺም?» አልኳት።

«ይሄ ጓሳ ነው። ተዘግቷል።»

አባቷ ጓሳ የሚባለው የጋራ የሣር መሬት ጠባቂ ነው። ሣሩ እስኪደርስ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድም አያርፍበትም፤ ልጅቷ ከዚህ የሚበልጥ ሕግ አታውቅም። ገበጣ እንዲህ አይደለም ብዬ ተቆጣሁ። አልሰማችኝም። እየተነጫነጭኩም ቢሆን፣ በዞርኩ ቁጥር እኔው ራሴ አንድ አንድ ባቄላ እጥልላታለሁ።

ጓሳዋ ውስጥ አሥራ ሁለት ባቄላ ሲሞላ «ተከፈተ» አለች። ሁሉንም አንሥታ ገበጣውን ሙሉ ዞራ የመጨረሻዋን ባቄላ እዚያው ባዶ ጓሳዋ ውስጥ ጣለቻት። ከፊት ለፊቱ ያከማቸሁትን ሁሉ አፈሰችው።

በማግስቱ እኔም ድምፄን አጥፍቼ አንዱን ጉድጓዴን ዘጋሁ። ባቄላ ሲከማችበት የመጨረሻ ባቄላዋን ከፊት ለፊቱ ባለው ባዶ ጉድጓዷ ጣለችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ያንተን ማን ይጠብቀዋል፣ ጋሼ?» አለችና ጠራርጋ ወሰደችው።