የአባቴ ሁለት ፈቃዶች

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቃሊቲ

ወደ ሐዋሳ የምሄደው ለሽርሽር አይደለም። አባቴ አቶ ኃይሉ ስልኩ ላይ መልእክት ደርሶታል። ለመዝናኛ ዓሣ የሚያጠምድ ሁሉ የወረቀት ፈቃዱን እስከ ወሩ መጨረሻ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር በዲጂታል ያስተሳስር ይላል። ከዚያ በኋላ ሐይቁ ዳር የሚዞረው ተቆጣጣሪ ወረቀት አይቀበልም፤ ስልክ ላይ ያለውን ኮድ ብቻ ነው የሚያነበው።

አባቴ ሠላሳ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ ሾፌር ሆኖ ሠርቶ ነው ጡረታ የወጣው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከቤት የሚያወጣው መንጠቆው ብቻ ነው። እሱንም ከከለከሉት ግድግዳ ሲያይ ይውላል ብዬ ፈራሁ። "ነይና ከዚህ ስልክ ጋር አስታርቂኝ" ሲለኝ ከመሥሪያ ቤት ሁለት ቀን ለምኜ ተነሣሁ።

ሰባት መቶ ብር ከፍዬ ከሚኒባሱ ሾፌር ኋላ ያለውን ወንበር ያዝኩ። የሾፌር ልጅ ስለሆንኩ ሌላ ቦታ አይመቸኝም። የሰው አነዳድ በሆዴ ካላረምኩ መንገዱ አይገፋልኝም።

መቂ ላይ የቲማቲም ሣጥን እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ተደርድሯል። ባቱ ለቁርስ ወረድን፤ እንቁላል ፍርፍር በሁለት ዳቦ በላሁ፤ ሻዩ ስኳር በዝቶበት ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ከደሴ የመጣች የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነች። አርሲ ነገሌን አልፈን ሻሸመኔ በጋሪና በባጃጅ መሃል ስንጎተት፣ ሐዋሳ በየትኛው "ሀ" እንደሚጻፍ ጠየቅኳት።

"እኔ በሃሌታው እጽፋለሁ፤ የዶርም ጓደኛዬ በሐመሩ። ሁለታችንም አልወደቅንም" ብላ ሳቀች።

ሐሙስ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ መናኸሪያ

አባቴ ነጭ ኮሮላ መኪናውን ተደግፎ መናኸሪያው በር ላይ ቆሟል። ፊት ለፊቱ ሄጄ ቆምኩ። ከትከሻዬ በላይ ወደ ሚኒባሶቹ ማየቱን ቀጠለ።

"አባዬ!" ስለው ነው የደነገጠው።

"መጣሽ እንዴ? ይሄ ግርግር..." አለና አቀፈኝ።

ወደ ቤቱ፣ ወደ ታቦር ሰፈር ስንወጣ ባጃጆች ከኋላችን ጥሩምባ እየነፉ ያልፉናል። ይሄ እኔ የማውቀው አነዳድ አይደለም።

"ምነው አባዬ፣ ኤሊ ሆንክ?"

"ነዳጅ እየቆጠብኩ ነው።"

የነዳጁን ሰልፍ ለሚያውቅ ሰው በቂ መልስ ነው፤ ተቀበልኩት። ቤት ስንደርስ ራሱ ያጠመደውን ቆሮሶ ጠብሶ በዳጣ አበላኝ። ዳጣው ዕንባዬን አወረደው። ስለ አዲሱ አሠራር ሳስረዳው፣ ፈቃዱ ወረቀት መሆኑ ቀርቶ ስልክ ውስጥ እንደሚቀመጥ ስነግረው፣ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብሎ ሳቀብኝ።

ዓርብ፣ ሦስት ሰዓት፣ መሃል ከተማ

ፈቃድ የሚያስተሳስሩበት ቢሮ ውስጥ ከእኛ በፊት ስድስት ሰው ነበር። ተራችን ሲደርስ ሠራተኛዋ፣ ፈገግታ የማያጣት ወጣት፣ ሁለቱንም ካርዶች ተቀብላ ቁጥራቸውን አስገባች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

"አባባ፣ ሲስተሙ እምቢ አለ። መንጃ ፈቃድዎ ላይ ያለው ስምና የዓሣው ፈቃድ ላይ ያለው ስም አንድ አይደለም።"

"እኔ አንድ ሰው ነኝ" አለ አባቴ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ።

"ፊደሉ ነው አባባ። አንደኛው ላይ 'ኃይሉ' በሌላ 'ሀ' ተጽፏል።"

እዚህ ላይ አባቴን ላስተዋውቃችሁ። በዚህ ፊደል ቀልድ አያውቅም። ትምህርት ቤት ሳለሁ ደብተሬ ላይ የእሱን ስም በሃሌታው ጽፌ ሲያገኝ በብዙኃኑ ኀ አንድ ገጽ ሙሉ ያስጽፈኝ ነበር። ጡረታ ሲወጣ የሰጡትን የምስጋና ወረቀት እንኳ "ይህ የሌላ ሰው ነው" ብሎ አስቀይሯል። ስለዚህ አሁን አንድ ሰዓት የሚፈጅ ትምህርት ይጀመራል ብዬ ወንበሬ ላይ ተመቻቸሁ።

ልጅቷ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችው። ሁለቱ ስሞች ከላይና ከታች፣ ትልልቅ ሆነው ተጽፈዋል።

"የትኛው ነው ትክክል? በጣትዎ ያሳዩኝና እሱን አስተካክላለሁ።"

አባቴ ጎንበስ አለ። መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ፣ መልሶ አወረደ።

"ሁለቱም ትክክል ነው" አለ። "የፈለግሽውን አድርጊ።"

ክው አልኩ። መናኸሪያው በር ላይ አልፎኝ ሲያይ፣ ታቦር መንገድ ላይ ሲያዘግም፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። አባቴ አያይም። ቢያይም ጥላ ብቻ ነው። ትናንት ደግሞ ከጎኑ ተቀምጬ ስስቅ ነበር።

"የኔ እህት" አልኳት፣ "መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ዓሣ አያጠምድም ማለት ነው?"

"ኧረ ያጠምዳል! በፋይዳ መታወቂያ ቁጥሩ እናስተሳስረዋለን። ሁሉም ሰው መኪና ይነዳል እንዴ?"

"እንግዲያው በፋይዳው አድርጊልን።"

"መንጃ ፈቃድ እያላቸው?" ግራ ገብቷት እሱን አየችው።

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንዳዋረድኩት ተሰምቶኝ አንገቴን ደፋሁ።

"ያለችሽን አድርጊ" አላት በመጨረሻ።

ፋይዳው ላይ ያለው ስም ከዓሣው ፈቃድ ጋር ገጠመ፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ኮዱ ስልኩ ላይ ገባ።

ውጭ ስንወጣ እንደ ልማዱ ወደ ግራው በር ሄደ። እጀታውን ይዞ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ዞሮ መጥቶ በቀኝ በኩል ገባና ቁልፉን ዘረጋልኝ።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት ሞተሩን ሳላስነሣ።

"መልእክቱ ሲመጣ ልነግርሽ አስቤ ነበር። 'አስተሳስሩ' ይላል። የታሰረ ነገር አንዱን ስትስቢው ሌላው ተከትሎ ይመጣል። ዓይኔን አይተው መንጃውን ሲነጥቁኝ ዓሣውም አብሮ የሚሄድ መሰለኝ።"

"ሰውስ ብትገጭ?"

ቀበቶውን ፈልጎ ማሰር ያዘ። ተናድጄም አዝኜም ነበር፤ የቱ እንደሚበልጥ ለራሴም አልገባኝም። ዓይን ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ግን ነፍስ ዘራ።

"ዓይኔ ምንም አይል። ስክሪኗ ናት የምታብረቀርቀው።"

እስከ ማታ ለመንኩት። ንቅንቅ አላለም።

ቅዳሜ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሐይቁ ዳር

ጠዋት መንጠቆውን ይዘን ወረድን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቆመው የዓሣ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መንጠቆውን በጣቱ ዳሰሰ፣ ትሉን ሰካ፣ ወረወረ፤ አንዱንም ወደ ዓይኑ አላስጠጋም። ክሩን በሌባ ጣቱ ላይ አሳርፎ ዝም አለ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሦስት ቆሮሶ አወጣ። እኔ ያወጣሁት ሣር ነው።

ተቆጣጣሪው መጥቶ ስልኩን ኮዱ ላይ አሳረፈና "ጋሽ ኃይሉ፣ መልካም ቀን" ብሎ አለፈ። አባቴ ደረቱ ሲነፋ አየሁት። ደስ አለኝ።

"መኪናዋን ይዘሻት ሂጂ" አለኝ ክሩን ሳይለቅ። "ደጅ ከቆመች እነዳታለሁ። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ።"

አራት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ላንጋኖ አካባቢ አቧራ የቀላቀለ ዝናብ መታኝ፤ ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ቀለሟም አይታወቅ። ፈጣን መንገዱን ጨርሼ አዲስ አበባ ስገባ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ደክሞኝ ሳልበላ ተኛሁ።

እሑድ ጠዋት፣ ቤት

ባለቤቴ መኪናዋን ሊያጥብ ወጥቶ ጠራኝ።

"ይህቺን ማነው እንዲህ የቀባት?"

ጭቃው ሲለቅ የኋላው በር የታችኛው ክፍል ተገለጠ። ቆርቆሮው ተጨራምቷል፤ ላዩ በቤት ቀለም በብሩሽ ተቀብቷል። ነጩ ደግሞ አንድ ነጭ አይደለም። አንዱ ወተት የመሰለ ነው፣ አንዱ ወደ ቢጫ ያደላል፣ አንዱ ግራጫ ነው። አባቴ በገጨ ቁጥር ባገኘው ቀለም ሸፍኖታል፤ እኔ ሐዋሳ ላይ አጠገቧ ስመላለስ አላስተዋልኩትም።

በየእሑዱ እደውልለታለሁ። "ደህና ነኝ" ይለኛል፤ እኔም ሸክሜን እንዳራገፍኩ ቆጥሬ እዘጋለሁ። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ቢኖር የአባት ደህንነት በስልክ እንደማይጠየቅ ነው። ተሄዶ ይታያል። እኔ ደግሞ የሄድኩት ኮድ ላስገባ ነበር።

ደወልኩለት።

"በሰላም ገባሽ? ሞጆ ላይ አልሮጥሽም?"

"አልሮጥኩም። አባዬ፣ መኪናዋን አጠብናት።"

ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ሰማሁት።

"መቼ ነው የምትመጪው?" አለ።

"ዓርብ። ዓይን ሐኪም ጋ ደውዬ ቀጠሮ እይዛለሁ።"

"እሺ" አለኝ አባቴ። "ነይ ውሰጂኝ።"