ጠበቃዋ በሌለችበት

የባሏ ቤተሰቦች «ጠበቃዋ» ይሏታል። አክብረዋት እንዳይመስላችሁ። ሕግ በማታና በሰንበት መማር ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም፤ ሾርባው ጨው በዛበት ሲባል ግን «እስቲ ጠበቃዋ ትከራከርልን» ይሉና ይስቃሉ። እሷም መጀመሪያ መጀመሪያ አብራ ትስቅ ነበር።

ቀን ቀን ውሃ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቅሬታ ተቀባይ ናት። የደፈረሰ ውሃ በጠርሙስ ይዘው መጥተው አፍንጫዋ ሥር የሚያወዛውዙባትን ስታባብል ትውላለች። ምሳዋን በአንድ እጇ፣ የውል ሕጉን በሌላው ይዛ ነው የምትበላው። ከዚያ ከሥራ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ማድቤት ነው። ልብስ ስታጥብ እንኳ ደብተሯን ከቧንቧው በላይ ባለው መስኮት ላይ አስደግፋ፣ በሳሙና እጇ እንዳትነካው እየተጠነቀቀች በዓይኗ ታነባለች። ጓደኞቿ ስልክ መደወል ትተዋል፤ የቅርቧ የምትላት ጓደኛዋ ስትወልድ እንኳ ሄዳ አልጠየቀቻትም። ይሄ ያሳፍራታል። ግን ያሳፍራታል እንጂ አያናድዳትም።

የሚያናድደው ሌላ ነው። ባሏም ሒሳብ አያያዝ የተማረው በማታ ነው። ያን ጊዜ እሱ እንዲያጠና ቤቱ ጸጥ ይበል ተብሎ ልጆቹን በዝናብም በፀሐይም ይዛ የምትወጣው እሷ ነበረች። የመመረቂያ ጽሑፉን የተየበችውም እሷ ናት። ሲመረቅ ዘመድ ተሰብስቦ «ጎበዝ! ቤተሰብ እያስተዳደረ ተማረ!» ተባለለት። ያኔ ቤቱን ማን ሲያስተዳድር እንደነበረ የጠየቀ ሰው የለም። አሁን ተራው የሷ ሲሆን፣ ቤት ፈረሰ፣ ልጆች ተበደሉ ተባለ።

አንድ እሑድ ከጠዋት ትምህርት ስትመለስ ሳሎኑ ሙሉ ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ የማጠቃለያ ፈተና አለባት፤ ፈተናው ላይ ያልተቀመጠ ዓመቱን ሀ ብሎ ይደግማል። ሶፋው ላይ ባሏና እናቱ ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ደግሞ ጋሼ አሉ። ጋሼ የባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ርዕሰ መምህር ስለነበሩ የሚያዩት ሰው ሁሉ ተማሪያቸው ይመስላቸዋል። ከፊታቸው አንድ ወንበር ባዶውን ተቀምጧል።

«ነይ፣ ቁጭ በይ» አሏት። «ተነጋግረን ጨርሰናል። ይሄን ትምህርት ታቆሚዋለሽ። ልጆቹ ከፍ ሲሉ ያኔ ይታያል።»

«መቼ ነው የተነጋገራችሁት?»

«ጠዋት።»

«እኔ ክፍል ሳለሁ?»

«አንቺ ካለሽበት ክርክር ይበዛል ብለን ነው» አሉ፣ ቅንጣት ታህል ሳያፍሩ።

እንግዲህ ፍረዱ! ኪስ ሲያወልቅ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ እንኳ «ምን ትላለህ?» ይባላል። ይሄን ለማወቅ ደግሞ ሕግ መማር አያስፈልግም።

ወደ ባሏ ዞረች። እሱ ስልኩን ይነካካል።

«አንተስ ምን አልክ?»

«እኔማ ምን እላለሁ… ጋሼ ካሉ…»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኋላ አልሰማሁም እንዳይባል በወረቀት ይስፈር። አንቺው ጻፊው። ሕግ አይደል እንዴ የምትማሪው? አጻጻፉን ታውቂበታለሽ።»

ደሟ ፈላ። የተፈረደባት አንሶ ፍርዱን ራሷ እንድትጽፍ! ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ቃጣትና መልሳ አስቀመጠችው። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ስባ ጻፈች። ስትጨርስ ቆማ አነበበችላቸው።

«የተሰበሰቡት የባል ወንድም፣ የባል እናትና ባል ናቸው። ሚስት አልተጠራችም፤ ያልተጠራችው ክርክር እንዳይበዛ ነው። ባል በማታ ሲማር ሚስት ልጆቹን ይዛ እየወጣች፣ ጽሑፉን እየተየበች አስጨርሳዋለች፤ ያኔ ስብሰባ አልተደረገም። አሁን ልጆቹ የሚያያቸው ስለሌለ ሚስት ትምህርቷን እንድታቆም ተወስኗል። የልጆቹ አባት በሕይወትም በጤናም አለ፤ እዚሁ ተቀምጧል።»

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ጋሼ። «እንዲህ ብለሽ ጻፊ ተባልሽ?»

«ውሸት ካለበት ያሳዩኝ፣ እሰርዘዋለሁ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። የሚሰረዝ አላገኙም። «እኔ እንዲህ ያለ ነገር ላይ አልፈርምም» ብለው ወረቀቱን ገፉት።

አማቷም እጃቸውን ሰበሰቡ። ጠዋት ነገሩን የጀመሩት እሳቸው ነበሩ። «እኔም አልፈርም» አሉ ቀስ ብለው። «ስናወራው እንዲህ አያስቀይምም ነበር።»

ለአፍታ ነገሩ ያለቀ መስሏት ትንፋሿ ተመለሰ። ባሏ ግን እስክሪብቶውን አነሳና ፈረመ። ሳያነበው፣ የመጣለትን ዕቃ እንደሚረከብ ሰው ጫር አድርጎ።

«አንተ!» አሉት እናቱ። «እኔ እንኳ ያልፈረምኩትን?»

«ነገሩ እንዲያልቅ ብዬ ነው…»

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ጋሼ ሲፈርዱባት ያልቆረጠችውን ተስፋ አሁን ቆረጠች። ወረቀቱን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተወችው።

«ቅዳሜ ፈተና አለብኝ፤ እሄዳለሁ» አለችው። «ልጆቹ አንተ ጋ ይውላሉ። ምሳቸውን አንተ ታበላቸዋለህ።»

እናቱን አየ። ወንድሙን አየ። ማንም አልደረሰለትም። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ጠየቃት፦

«ስንት ሰዓት ነው ምሳ የሚበሉት?»