ያልተነቃነቀው አጥር

በያጁን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ ሚስቱ እንኳ በስሙ የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ «አይነቃነቅ» ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ እሱ የበየደው በርም ሆነ የመስኮት ብረት፣ በሁለት እጅ ይዘው ቢንጡት ንቅንቅ አይልማ። ከቤቱ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ሥራ ቤት ሠላሳ ዓመት ብረት ሲያጣብቅ ኖሯል። ሥራ ሲያስረክብ ደንበኛውን «በል ግፋው» ይለዋል። ደንበኛው ይገፋል፣ እሱ ፈገግ ይላል። ኩራቱ ይኸው ነበር፤ ሌላ ኩራት አልነበረውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የጥብቅ ስፍራው ቢሮ የረግረጉን አጥር እንዲሠራ ጠራው። እዚያ ረግረግ ውስጥ ያሉት አጋዘኖች ሌላ የትም አይገኙም፤ ያኔ ስልሳ ሦስት ብቻ ቀርተው ነበር። በአንድ በኩል ወንዝ፣ በሌላው ኮረብታ፣ ኮረብታው ላይ ደግሞ የሰው እርሻ አለ። አጋዘኖቹ እርሻ እየገቡ በዱላና በውሻ ስላለቁ፣ የኮረብታው ሥር ከዳር እስከ ዳር ይታጠር ተባለ። የሚስቱ ወንድም እዚያው ጠባቂ ነው። «ጋሼ፣ ወንዙ ሲሞላ እኮ የሚሸሹት ወደ ኮረብታው ነው፤ አራት ቦታ በር ይኑረው» አለው።

አይነቃነቅ ሳቀበት። «እኔ የምሠራው አጥር ነው፣ ወንፊት አይደለም» አለ። የቢሮው ኃላፊም በር ያስፈልገው እንደሆነ ሲጠይቀው፣ በር የአጥር ደካማ ጎን ነው ብሎ አስረዳ። ኃላፊው ደስ አለው፤ በር ካለ ዘበኛ ማቆም ሊኖርበት ነበርና። ይህን ልብ በሉልኝ። ኋላ ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም የረሳው ይህንን ነው።

አምና ክረምት ዘጠኝ ቀን ሳያባራ ዘነበ። በዐሥረኛው ቀን ጠዋት አማቹ እስከ ደረቱ ጭቃ ለብሶ ሥራ ቤቱ በር ላይ ቆመ። «ጋሼ» ሳይል የማይናገር ሰው፣ «ና እይ» ብቻ አለ።

ሄዶ አየ። ድልድዩ ተወስዷል፤ የጥበቃ ማማው ወድቋል፤ ትልልቅ ዛፎች ከነሥራቸው ተነቅለዋል። አጥሩ ግን ቆሟል፤ አንድ ቋሚ እንኳ አልዘመመም። ከሥሩ አርባ አንድ አጋዘኖች ተደራርበው፣ አፍንጫቸውን በብረቱ ክፍተት እንዳሾለኩ ሞተዋል። ከአጥሩ ማዶ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ጎርፉ ያልነካው ሣር ነበር። አይነቃነቅ ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ ናጠው። ንቅንቅ አላለም። ወይ ነዶ! ሠላሳ ዓመት የኮራበት እጁ ነው እንዲህ የሠራው። እዚያው ጭቃ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። አማቹም አላባበለው፤ ምን ብሎ ያባብለዋል?

በሳምንቱ ቢሮ ተጠራ። ልወቀስ ነው ብሎ ሄደ፤ እንዲወቅሱትም ፈልጎ ነበር። የጠበቀው ግን ጭብጨባ ነው። ከቢሮው ንብረት ሁሉ ከጎርፉ የተረፈው አጥሩ ብቻ ስለሆነ፣ «የተፈጥሮ አደጋ ያልበገረው ሥራ» የሚል የምስጋና ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ተሰጠው። አጋዘኖቹስ ብሎ ጠየቀ። ኃላፊው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ የተፈጥሮ አደጋ ነው፣ ምን ይደረጋል አለ። ምን ይደረጋል! ተፈጥሮ አፍ የላት፣ መልስ አትሰጥ፤ የሰው ጥፋት ሁሉ እሷ ላይ ይደፋል። እሺ፣ ዝናቡን እሷ ታምጣው። መውጫውን የዘጋው ማነው?

አይነቃነቅ ደሙ ፈላ። ጥፋቱ የእኔም የእናንተም ነው፣ የቀሩት ሃያ ሁለት ናቸው፣ ከመጪው ክረምት በፊት አራት በር ላስገባ፣ በነጻ እሠራለሁ አለ። ጥናት ያስፈልገዋል አሉት። በወሩ ተመልሶ ሲጠይቅ ኮሚቴ ይቋቋማል ተባለ። በሌላ ጊዜ ሲሄድ ኮሚቴው ስልጠና ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ውሃ በላው። ክረምት ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው ኃላፊው ራሱ ደወለና አጥሩን እንዲያጠናክርለት አዘዘው።

«አጠናክራለሁ» አለ አይነቃነቅ፣ ጥርሱን ነክሶ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ከፊቱ ላይ አነበበችው። የስፌት መኪናዋን አቁማ በስሙ ጠራችውና፣ ስምህ ከሄደ ምን ቀረህ አለችው። እሱም አርባ አንዱን የፈጀው ይኸው ስሜ ነው አላት። ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ከአማቹ ጋር አራት ቀን ሠሩ፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ። አራት ቦታ አጥሩን ቆርጦ መልሶ ገጠመው፤ ሲበይደው ግን በየማዕዘኑ ነጥብ ነጥብ ብቻ አስነካው። በምራቅ እንደ ማጣበቅ ያለ ነው፤ መንጋ ከገፋው ይላቀቃል። ላዩን ቀለም ቀባው። እጁ ግን እምቢ አለው፤ ሁለት ጊዜ ሳያውቀው አጥብቆ በየደና እየተሳደበ ብየዳውን መልሶ በመፍጫ ፈጨው። በዕድሜው እያወቀ ያበላሸው ሥራ ያ ብቻ ነው።

ክረምቱ ገባ፣ ወንዙ ሞላ። አጋዘኖቹ እንደ አምናው ወደ አጥሩ ሮጡ፣ እንደ አምናው ተደራርበው ገፉ። አጥሩ በአራቱም ቦታ ተበረገደ። አማቹ ኮረብታው ላይ ቆሞ ቆጠራቸው፤ ሃያ ሁለቱም ወጥተዋል፣ ሦስት ግልገሎችም ተጨምረዋል።

ውሃው ሲጎድል ኃላፊው ሠራተኛውን ሁሉ አጥሩ ሥር ሰብስቦ አይነቃነቅን አስጠራ። የተላቀቀውን ብረት በጫማው እየመታ፣ አምና የቆመ አጥር ዘንድሮ የወደቀው በሙያ ጉድለት ነው፣ የምስጋናውን ወረቀት አሁኑኑ መልስ አለ። አምና «እርስዎ» ሲል የነበረው አፍ ዘንድሮ «አንተ» ሆኗል።

«አርባ አንድ ነፍስ ሲያልቅ የተፈጥሮ ሥራ ነው አላችሁ» አለ አይነቃነቅ። «አራት ቦታ ብረት ሲላቀቅ የእኔ ሥራ ሆነ። ልክ ነህ፣ የእኔ ነው፤ እያወቅኩ ነው ያላላሁት። ያኛውም የእኔና የአንተ ነበር። እሱን ግን የጠየቀን የለም።»

ሠራተኛው መሬት መሬት አየ። ሪፖርቱ ላይ ግን «የሙያ ጉድለት» ተብሎ ተጻፈ፤ ሆን ብሎ ነው ከተባለ፣ ለምን የሚል ጥያቄ ሊመጣ ነዋ። ወሬው ከተማውን አዳረሰ። በር ያዘዙ ሰዎች ትእዛዛቸውን አነሱ፤ መንገድ ላይ የሚያላግጡበትም «ተነቃነቀ» ይሉት ጀመር። እሱም «አቤት» ይላል።

አጥሩን መልሶ እንዲዘጋ የታዘዘው ሌላ በያጅ ነው፤ ሁለቱ ለዓመታት ደንበኛ ሲነጣጠቁ የኖሩ ናቸው። ሰውዬው ሥራ ሊጀምር ሲል ወደ አይነቃነቅ ሥራ ቤት ብቅ አለና፣ ዓይን ዓይኑን ሳያይ፣ በአንድ ማዕዘን ስንት ነጥብ እንዳስነካ ጠየቀው።

አይነቃነቅ የብየዳ መነጽሩን አወለቀ።

«ሁለት» አለ። «ሦስት ካደረግኸው አይከፈትላቸውም።»