እትዬ ሰብለና የሸለቆው እንግዶች

እትዬ ሰብለ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ በወደብ ከተማችን ሆዳን በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው ጎረቤታቸው ነኝ።

እትዬ ዕድሜያቸውን በአንድ የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ በአስተርጓሚነት አሳለፉ። ጭነት ይዞ ከአዲስ አበባ የመጣ ሹፌር ሲታመም ሐኪም ቤት አብረውት ገብተው ያስተረጉሙለት ነበር። «ያላሉትን አልጨምር፣ ያሉትን አልቀንስ፤ ሥራዬ ይኸው ነው» ይሉ ነበር።

ዓርብ ዓርብ ግን ወፍ ለማየት ይወጣሉ። ተራ የሚጠብቁ ሹፌሮችንና ዕረፍት ያገኙ የቤት ሠራተኞችን ይዘው፣ ከከተማው ውጭ ወዳለው ደረቅ ወንዝ ሸለቆ ይሄዳሉ። ዝናብ ጠብ ካለ በኋላ ከቋጥኙ ሥር ቀይ አበባ ይፈነዳል፤ ምንቃሯ የቆለመመ፣ ላባዋ እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ ትንሽ ወፍ ማሩን ልትመጥ ትመጣለች። ባሕር ተሻግረው የሚያልፉትን ወፎች ደግሞ «እንግዶች» ይሏቸው ነበር።

በኋላ ዓይናቸው ፈዘዘ። ሰላምታ እንኳ የምፈራውን እኔን ጠሩኝ። «ዝምተኛ ሰው አያጋንንም። የምታዪውን ንገሪኝ» አሉኝ።

ወደ ሸለቆው የሚያደርሰን ታክሲ ነጂ ሐሰን ይቀልድባቸው ነበር። «እማማ፣ ዓይን ሳይኖር ወፍ?»

«አንተስ በዓይንህ እያየህ አይደል ጉድጓድ ሁሉ ውስጥ የምትከተን?»

የመጨረሻ ጉዟችን መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ የያዛቸው ሕመም አድክሟቸው ነበር። ያችን ትንሽ ወፍ አንዴ ብቻ ልስማት ብለው ትከሻዬን ተደግፈው ተቀመጡ። ፀሐይ ከፍ አለች፤ ወፏ ግን የለችም። ከቤት ሠራተኞቹ አንዷ፣ ትዕግሥት፣ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «መጣች በያቸው እንጂ! ምን አለበት? ደስ ይበላቸው።»

ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«አልመጣችም፣ እትዬ።»

 «እሺ፤ ባዶው ምን ይመስላል?» አሉ።

ነገርኳቸው። ብርሃኑ በገደሉ ግድግዳ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ ድንጋዩ ከጽጌረዳ ቀለም ወደ አመድ ሲለወጥ፣ አንዲት ቅጠል ያለ ነፋስ ስትወዛወዝ። በሕይወቴ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በሕልም ውስጥ እንዳለ ሰው ፈገግ ብለው ያዳምጡኛል።

በመሃል አንዲት ወፍ ደረቁ ግንድ ላይ አረፈች።

«እንግዳ መጣች፣ እትዬ! ስሟን አላውቅም።»

«ስሟን ተዪው። ምን ታደርጋለች?»

«ቀይ ጅራቷን ታንቀጠቅጣለች። አሁን ወደ እኛ ዞረች።»

እስክትበር ድረስ እጄን አልለቀቁም።

እትዬ ሰብለ ሆይ፣ ትዕግሥትና ሹፌሮቹ በሚመጣው ዓርብ ወደ ሸለቆው እንድወስዳቸው ጠየቁኝ፤ እሺ ብያለሁ። እፈራለሁ፣ ግን እናገራለሁ። አሁን እርስዎ ያሉበትን ስፍራ ግን አላየሁትም፤ ስለዚህ ምንም አልልም። በደህና ይሂዱ፣ እትዬ።