አባቴን በቁጥር መቀባት

አባቴ ሲሞት አላለቀስኩም። እህቴ እንባዋ ቅርብ ነው፤ ለቅሶ ደራሹ ገና በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ትጀምራለች። እኔ ፍራሽ አነጥፋለሁ፣ ሻይ አቀርባለሁ፣ ብርጭቆ አጥባለሁ። ከወሎ የመጣችው አክስቴ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እህቴን እያየች ለጎረቤት «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» ስትል ሰማኋት። ቢከፋኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን አልከፋኝም።

ሰው ሲበተን ገርጂ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ እኔና እናቴ ቀረን። እናቴ ዒዳ ላይ ነበረች፤ በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷን ይዛ ትቀመጣለች። እኔም ቦሌ ያለውን መሥሪያ ቤቴን ለጊዜው ከቤት ሆኜ ልሥራ አልኳቸው፣ እሺ አሉኝ። ሥራ ማለት ላፕቶፑን ከፍቶ ማየት ከሆነ ስሠራ ነው የከረምኩት።

እህቴ የአባቴን ፎቶ አሳድጋ፣ ፍሬም አስገብታ ይዛ መጥታ፣ ግድግዳው ላይ መስቀያ ምስማርም አስመትታ ነበር። እናቴ ገና ላስቲኩ ሳይቀደድ «መልሺው» አለቻት። ቤታችን ሳሎንና አንድ መኝታ ነው፤ እናቴ የምትሰግደው እዚያው ሳሎኑ ውስጥ ነው። «የሰው ምስል በተሰቀለበት ቤት መላእክት አይገቡም። አባታችሁስ ቢሆን መቼ ይወድ ነበር?» አለች። እህቴ እያለቀሰች ፎቶውን ታቅፋ ሄደች። እኔ ከማንም ጋር አልወገንኩም፤ መወገንም አቅም ይጠይቃል።

ከዚያ አንድ ቀን ሻይ እያፈላሁ የአባቴን ፊት ላስታውስ ብል አልመጣ አለኝ። ድምፁ አለ፣ ሳሉ አለ፣ ደረጃ ሲወጣ የእግሩ ኮቴ አለ። ፊቱ የለም። ስልኬን ከፍቼ ፎቶውን አየሁት፤ ስዘጋው ተመልሶ ጠፋ። ፈራሁ። በእነዚያ ወራት ተሰማኝ የምለው ነገር ቢኖር እሱ ፍርሃት ብቻ ነው።

ፎቶ ሲሰጡት በቁጥር የሚቀባ ሥዕል አድርጎ የሚያወጣ ድረ ገጽ አገኘሁ። ፎቶውን በቀጭን መስመር ይከፋፍለዋል፤ እያንዳንዷ ክፋይ ቁጥር አላት፣ እያንዳንዱ ቁጥር ደግሞ የራሱ ቀለም አለው። አንድ ቁጥርን በአንድ ቀለም፣ ሁለት ቁጥርን በሌላው እየቀቡ መሙላት ነው። ሥዕል ለማይችል ሰው የተሠራ ነገር ነው፤ እኔም አልችልም። በእጄ ከሠራሁት ፊቱ አይጠፋኝም ብዬ ነው።

የመረጥኩት ሸቀጥ ሱቃችን ውስጥ አባቴን ያነሳሁትን ፎቶ ነው። አዲስ ስልክ ገዝቼ ካሜራውን ልሞክር ብዬ ያነሳሁት። ከባንኮኒው ጀርባ ቆሟል፤ ሙቀት ስለነበር ኮፊያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎታል። ከጀርባው የማካሮኒ ካርቶን፣ ሳሙና፣ የዘይት ጀሪካን። «ምን ያደርግልሻል?» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ ያኔ ምንም አያደርግልኝም ነበር።

መጀመሪያ የቀለሙን ብዛት አሳንሼ ብሞክር ግማሽ ፊቱ ከካርቶኑ ጋር ተዋሃደ። ጨመርኩለት፣ ተመለሰ። ግንባሩ ላይ ያለችው ምልክት፣ ዕድሜ ልኩን ሲሰግድ ምንጣፍ እየነካች የጠቆረችው፣ እሷም ለብቻዋ ወጣች። ሃያ ሁለት ቁጥር ሆነች።

መገናኛ አካባቢ ባነር የሚያትም ቤት ወስጄ ሸራ ላይ አሳተምኩት። አታሚው መስመሩንና ቁጥሩን አገላብጦ አየና «እህት፣ ፎቶው ካለሽ ፎቶውን ላትምልሽ እንጂ። ይሄ እኮ የመሬት ካርታ ነው የሚመስለው» አለኝ። «ይሁን፣ ካርታውን አትምልኝ» አልኩት። ቀለም ከኦሎምፒያ ገዛሁ። መሠረታዊዎቹን ብቻ ነው የገዛሁት፤ ሌላውን ራሴ እየደባለቅሁ በውሃ ፕላስቲክ ክዳን አስቀመጥኩና በየክዳኑ ጎን ቁጥሩን ጻፍኩ።

ሸራውን ሳሎን ዘርግቼ ስጀምር እናቴ ከሶፋው ላይ ሆና «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለች።

«ቁጥር ነው። እጄን ሥራ ላስይዘው ብዬ።»

ውሸት አልነበረም፤ ከቁጥር በቀር የሚታይ ነገር የለውም። ትንሽ ቀን ከሩቅ አየችኝ። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠችና «እስቲ አራት ቁጥርን ወዲህ በዪው» አለች። እናቴ ሱቁን ከአባቴ እኩል የያዘች ሰው ናት፤ እጇ ሥራ ከፈታ ያማታል። ልትጠይቃት የገባች ጎረቤታችን ሁለታችንንም ምንጣፍ ላይ ተደፍተን አግኝታን «ምነው፣ በዚህ ዕድሜያቸው ትምህርት ቤት አስገባሻቸው እንዴ?» ብላ ቀለደች። እናቴ ፈገግ አለች። እኔ ፈገግ ማለት እንዳለብኝ ትዝ ሲለኝ ጎረቤታችን ወጥታ ነበር።

ከዚያ ውጪ ዝም ብለን ነበር የምንቀባው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኛ ግን ትንሽ ሳይነቅዝ አልቀረም።

እናቴ መጀመሪያ ያወቀችው ሳሙናውን ነው። «ይሄ የኛ መደርደሪያ ነው» አለች ቀና ሳትል።

«አዎ።»

«ሳሙናውን ከምግብ ለይተህ አስቀምጥ ብዬው፣ ብዬው፣ እምቢ እንዳለ» አለችና ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ ቁጥር አልጠየቀችኝም። ጀሪካኑ ቢጫ መሆኑን ማን ይነግራታል?

ባንኮኒው አለቀ። ሸሚዙ አለቀ፣ ኮፊያው አለቀ። ፊቱ ሲቀር ዘጠኝ ቁጥርን አነሳሁ። ዘጠኝ ቁጥር የካርቶኑም የጉንጩም ቀለም ነው፤ ኮምፒውተር ለአባቴና ለማካሮኒ ካርቶን አያዳላም። ብሩሹን ልነክር ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«እሱን ተዪው።»

«እማዬ፣ ዋናው እሱ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። እዚህ ነው የምሰግደው።»

«ፊቱ እየጠፋኝ ነው» አልኳት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። እናቴ እጄን ለቀቀችኝ። ብሩሹን አጠብኩ፣ ሸራውን ከሶፋው ጀርባ አቆምኩት። ሁሉም ነገር ተቀብቶ እሱ ብቻ ነጭ ሆኖ ቀረ። መናደድ ነበረብኝ፤ እሱም አልመጣም። ወደ ቢሮ መመላለስ ጀመርኩ፣ ቀለሞቹ በየክዳናቸው ደረቁ።

የእናቴ ዒዳ ባለቀ ሰሞን ከቦሌ በታክሲ መጥቼ በሩን ከፈትኩ። ሥዕሉ ተሰቅሏል። ስትሰግድ ጀርባዋን በምትሰጠው ግድግዳ ላይ፣ እህቴ ለፍሬሟ ባስመታችው ምስማር ላይ። ሱቁ በሙሉ ቀለሙ አለ፤ ኮፊያው አለ፤ ከኮፊያው በታች ባዶ ነጭ፣ ቁጥር ብቻ። አንዲት ክፋይ ግን ተቀብታለች። ሃያ ሁለት ቁጥር። የእኔ ቀለም ደርቆ ስለነበር እንደገና ደባልቃዋለች፤ የሷ ከእኔ ይልቅ ልክ ነበር፣ ጥቁር ያልሆነ፣ ቡናማም ያልሆነ።

እናቴ ምንጣፏ ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ይዛለች።

«እማዬ፣ ፊቱን ቀባሽው እንዴ?»

«እኔ ፊቱን አልነካሁም።»

«ግንባሩ ላይ ያለችውስ?»

«እሷ ፊቱ አይደለችም» አለች። «ሶላቱ ናት።»

ነጠብጣቧን አየሁ። ከሷ ሥር ቅንድቡ መጣ። ከዚያ ዓይኑ፣ «ምን ያደርግልሻል?» ሲለኝ እንደነበረው፣ ከዚያ ጉንጩ፣ አፉ። ስልኬን አላወጣሁም። እዚያው በሩ ላይ ቦርሳዬን እንደያዝኩ ለቅሶዬ መጣ፤ እንደ እህቴ፣ ድምፅ አውጥቼ።

እናቴ እስኪበቃኝ ጠበቀችኝ።

«በይ» አለች፣ «ጫማሽን አውልቂና ግቢ።»