የዘይና ስምንት ሰዓት

ዘይና ከሚሴ ካለ አንድ ክሊኒክ ውስጥ መዝገብ ያዥ ናት። ኮምፒውተሯ የሚሠራው ሊኑክስ በተባለ በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም ነው፤ በጥቁሩ መስኮት ላይ ትእዛዝ እየጻፈች ታሠራዋለች። ኢንተርኔት ሲጠፋ ሌላው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ እሷ ግን እዚያው ማሽኑ ውስጥ ያለውን የትእዛዞች መመሪያ ገጽ በገጽ ታነባለች። ባልደረቦቿ «ደግሞ ኪታቧን ገለጠች» እያሉ ይስቁባታል። ይሳቁ፣ ምን ቸገራት!

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ዲስኩ ሞላ። አንዱ ፎልደር ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመሩ የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች መዝገብ አለ፤ ማን ስንተኛ ወሩ ላይ እንደደረሰ፣ የትኛው መድኃኒት ለማን እንደማይስማማ። የወረቀቱን ካርድ ያለፈው ክረምት ጎርፍ በልቶታል፤ ሌላ ቅጂ የለም። አዲሱ ዲስክ አርብ ጠዋት ይመጣል፣ ትገለብጣለች፤ ከሰዓት ደግሞ ከጁምዓ በቀጥታ ባቲ እህቷ ዘንድ ትሄዳለች። ስለዚህ አሮጌውን ፎልደር ነገ በስምንት ሰዓት ራሱ እንዲያጠፋው ማሽኑን አዘዘችና ወጣች። ብልጥ መሆኗ ነው እንግዲህ።

አርብ ጠዋት ዲስኩን ሰክታ፣ ያዘዘችውን ለማየት ዝርዝሩን ከፈተች። 8:00 ይላል። የማሽኑ ሰዓት 7:52 ነው። እሷ ያለችው የእኛን ስምንት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላውን ነበር፤ ማሽኑ የገባው የፈረንጁን፣ የጠዋቱን ሁለት ሰዓት። ስንት ዓመት የተጠነቀቀችበትን ነገር በአንድ ቀን ድካም ረሳችው።

ልገልብጥ ብትል ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የታዘዘ ሥራ ሰርዛ ደግሞ አታውቅም። ደሴ ላለው ለአስተማሪዋ ለኢልያስ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። የክሊኒኩ ኃላፊ ኸይረዲን ነገሩን ሲሰማ ሮጦ ሶኬቱን ሊነቅል እጁን ሰደደ። እጁን ያዘችው።

«ተው! ብትነቅለውም ትእዛዙ አይጠፋም፤ መልሶ ሲበራ ይፈጽመዋል።»

መመሪያውን ከፈተች። እንግሊዝኛው ረጅም ነው፤ በጣቷ እየተከተለች ወረደች። መሰረዣውን አገኘችና ስምንት ብላ ጻፈች። ማሽኑ እንዲህ ያለ ሥራ የለም አላት። 7:58። ለካ የሚፈልገው ሰዓቱን ሳይሆን የሥራውን ተራ ቁጥር ነው! ዝርዝሩ ላይ ከሥራው ፊት ያለው ቁጥር ሦስት ነበር። ሦስት ብላ መታች።

ማሽኑ ምንም አላለም። ኸይረዲን ተሳካ ወይ ሲላት፣ ዝርዝሩን ደግማ ጠየቀች፤ ባዶ ነው። ስምንት ሆነ፤ ስምንት ከአንድ ሆነ። ፎልደሩ አለ።

«ማነው እንዲያጠፋ ያዘዘው?» አለ ኸይረዲን።

«እኔ ነኝ» አለች፣ ዞር ብላ እያየችው። እሱም ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

መስኮቱ ተንኳኳ። ከጨፋ በእግሯ የመጣች ዓፊያ የምትባል ታካሚ ናት፤ አራተኛ ወሯ ነው።

«መቃን ኮ ጂራ?» አለች፤ ስሜ አለ ወይ ማለቷ ነው፣ በመጣች ቁጥር የምትጠይቀው።

ዘይና ስሟን ፈልጋ አገኘችው። «አለ እቴ፣ አለ» አለችና ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ተንሰቀሰቀች።